እግሩ ተቆጠረ፣ ልጁ ግን አልተጠየቀም

ሲሬ ከባኮ ወደ ነቀምቴ በሚወስደው አውራ ጎዳና ዳር የተቆረቆረች ከተማ ናት። ነቀምቴ ለመድረስ ከዚያ በኋላ የሚቀረው 50 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። በገበያ ቀን ከሲቡ ሲሬ ወረዳ ቀበሌዎች የሚመጣው ገበሬ በቆሎውን፣ ጤፉንና በርበሬውን በአህያ ጭኖ ይገባል። ክረምት ከሆነ ቀዩ ጭቃ እስከ ቁርጭምጭሚት ይውጣል፤ በጋ ከሆነ ደግሞ ያው አፈር አቧራ ሆኖ በየጫማው ክፍተት ይገባል። ጫማ ላለው ማለት ነው። አፈሩ ለም ነው። የአገሪቱን የበቆሎ ምርምር የሚያስተባብረው ማዕከል ባኮ ላይ የተተከለው በከንቱ አይደለም። ይህ አገር የሚመግብ አፈር ግን ለዓመታት በባዶ እግር የረገጠውን ሰው እግር ያሳብጣል።

ሕመሙን ሰዉ ዝሆኔ ይለዋል። ሐኪሞች ፖዶኮኒዮሲስ ብለውታል። በቆላው አገር በትንኝ ንክሻ ከሚተላለፈው የእግር ማበጥ የተለየ ነው። ይኼኛው ትንኝም ትልም የለበትም፣ ከሰው ወደ ሰውም አይተላለፍም። ከ1,500 ሜትር በላይ ከፍታ ባለው፣ ዝናብ በሚበዛበት፣ ከእሳተ ገሞራ ድንጋይ በተፈጠረ ቀይ አፈር ላይ ይበረታል። ከአፈሩ የሚነሱ በዓይን የማይታዩ የማዕድን ቅንጣቶች በእግር ቆዳ በኩል ሾልከው ይገባሉ፤ ነጭ የደም ሴሎች ይውጧቸውና ወደ ሊምፍ ቧንቧዎች ይወስዷቸዋል። እዚያም ብግነት ይነሳል። ቧንቧዎቹ ቀስ በቀስ ይጠባሉ፣ ይደፈናሉ። መውጫ ያጣው ፈሳሽ እግር ውስጥ ይጠራቀማል። እብጠቱ ከጣቶችና ከመርገጫ ጀምሮ ወደ ላይ ይወጣል፤ አብዛኛውን ጊዜ ጉልበትን አያልፍም።

ይህ እውቀት ከተገኘባቸው ቦታዎች አንዱ ወለጋ ነው። እ.ኤ.አ. በ1969 ኡመን የተባለ ተመራማሪ በልዩ ልዩ ጠቅላይ ግዛቶች ገበያዎች የሰው እግር አስቆጥሮ ነበር፤ ከመቶ ገበያተኛ ከሁለት እስከ ሦስት የሚሆነው እግሩ ያበጠ ሆኖ ተገኘ። ቀጥሎ የመጣው የሥጋ ደዌ ሕሙማንን እግር በማከም የሚታወቀው እንግሊዛዊው ቀዶ ሐኪም ኧርነስት ፕራይስ ነው። እሱ እግሩን ብቻ ሳይሆን እግሩ የሚረግጠውን አፈርና የአየር ጠባይ ጭምር መረመረ። በወለጋ ያደረገውን ጥናት እ.ኤ.አ. በ1974 አሳተመ፤ ርዕሱ በሽታው ከአካባቢው አፈርና ከአየር ንብረት ጋር ያለውን ግንኙነት የሚመለከት ነበር። ከሕሙማን ብሽሽት በተወሰደ ንፍፊት ውስጥም የአፈሩ ቅንጣቶች ተገኙ። ለብዙ ዘመን እርግማን፣ የእባብ መርዝ ወይም የክፉ መንፈስ ሥራ ሲባል የኖረው ነገር ጫማና ሳሙና የሚከለክሉት ሕመም መሆኑ በዚህ መንገድ ታወቀ።

ከዚያ ወዲህ ቆጠራው አልቆመም። በምዕራብ ወለጋ ጉሊሶ ወረዳ ጌታሁን ዓለሙ፣ ፋሲል ተኮላ አየለና ባልደረቦቻቸው ያደረጉትና እ.ኤ.አ. በ2011 የታተመው ጥናት ከወረዳው ሕዝብ 2.8 በመቶው ታማሚ መሆኑን አሳየ። እ.ኤ.አ. በ2013 በከበደ ደሪቤ መሪነት በ1,315 ማኅበረሰቦች የተካሄደው አገር አቀፍ የካርታ ሥራ 35 ሚሊዮን የሚጠጋ ሰው ለበሽታው በሚያጋልጥ መሬት ላይ እንደሚኖር አመለከተ። የታማሚዎቹ ቁጥር 1.5 ሚሊዮን ገደማ ይገመታል።

ታዲያ ይህ ሁሉ ቆጠራ ምን ያመልጠዋል? ገበያ ላይ ቆሞ እግር የሚቆጥር ሰው የሚያገኘው ገበያ የወጣውን ነው። ሕመሙ ብዙ ጊዜ የሚጀምረው ደግሞ ከ10 እስከ 20 ባለው ዕድሜ፣ ሰው ስለ መልኩና ስለ አረማመዱ እጅግ በሚጨነቅበት ወቅት ነው። በዚያ ዕድሜ እግሩ ማበጥ የጀመረ ልጅ ገበያ አይወጣም፣ ቤተ ክርስቲያን ሲሄድም ከኋላ ይቆማል፣ ሠርግ ቤት ሥራ ፈልጎ ከጓዳ ይውላል። እግሩ ቢቆጠር እንኳ ልቡን የሚቆጥርለት የለም።

አንዲት የ15 ዓመት ልጅ እናስብ። ስም አልሰጣትም፤ ታማሚዎች በተለያዩ ጥናቶች ከተናገሩት ያሰባሰብኳት ልጅ ናት። ስምንተኛ ክፍል ነች። መጀመሪያ ያስተዋለችው በሁለተኛው የእግር ጣቷ አካባቢ የሚያሳክካትን ነው። ማታ ማታ መርገጫዋ ያቃጥላታል፤ ከምድጃው ርቃ እግሯን ቀዝቃዛ መሬት ላይ ታሳርፋለች። ወራት አለፉ። ሰንደሏ ጠበባት። እናቷ ያደገች መስሏት ሰፋ ያለ ገዛችላት። ከዚያ አንድ ሌሊት ብርድ ብርድ አላት፣ ትኩሳት ተነሳባት፣ ብሽሽቷ ውስጥ ንፍፊት ወጣ፣ እግሯ ቀላና ነደደ። ለአምስት ቀን ተኛች። አያቷም ባሏን የቀበረችበት ሕመም ስለሆነ፣ እግሯን ገልጣ አየችና ምንም ሳትናገር መልሳ ሸፈነችው።

ከዚያ በኋላ ልጅቷ ትምህርት ቤት የምትደርሰው ማንም ሳይመጣ ነው፤ የምትወጣውም ሁሉም ከወጣ በኋላ። የመጨረሻው ወንበር ላይ ትቀመጣለች። መምህሩ ጥቁር ሰሌዳ ጋ ሲጠራት መልሱን ብታውቅም አላውቅም ትላለች፤ ለመነሳትና ለመራመድ አትደፍርምና። የሰውነት ማጎልመሻ ክፍለ ጊዜ በሚኖርበት ቀን ትቀራለች። ውጤቷ ሲወርድ ቤተሰቡ ሰነፍ ሆነች ይላል። ጓደኛዋ አብሯት መቀመጥ ስታቆም ግን ምክንያቱን ማንም ሊነግራት አያስፈልግም፤ ታውቀዋለች።

ይህች ልጅ ጤና ጣቢያ ብትሄድ ምን ትጠየቃለች? እግርሽ መቼ አበጠ? ያሳክክሻል? ጫማ አለሽ? ጥሩ ጥያቄዎች ናቸው። እንቅልፍ ይወስድሻል? ከጓደኞችሽ ጋር ትጫወቻለሽ? መኖር ያስጠላሽ ቀን አለ? የሚሉት ግን አብዛኛውን ጊዜ ከእግር ማከሚያው ክፍል አይደርሱም።

በአዋቂዎች ላይ ጥያቄው ተጠይቋል፤ መልሱም ከባድ ነው። በሰሜን ኢትዮጵያ ገጠር ባርትሌትና ባልደረቦቹ እ.ኤ.አ. በ2016 ባሳተሙት ጥናት 271 የፖዶኮኒዮሲስ ታማሚዎችን ከ268 ጤነኛ ጎረቤቶቻቸው ጋር አነጻጽረው ነበር። የድባቴ ምልክት የታየባቸው ከታማሚዎቹ 12.6 በመቶ፣ ከጎረቤቶቻቸው ደግሞ 0.7 በመቶ ነበሩ። ሁለቱም ወገኖች በአንድ ቀበሌ ይኖራሉ፣ አንድ መሬት ያርሳሉ። በወላይታ ብርሃኑ ያቆብና ባልደረቦቹ ቀደም ብለው እ.ኤ.አ. በ2008 ባወጡት ጥናት ከተጠየቀው ማኅበረሰብ ከግማሽ የሚበልጠው ታማሚውን የሚያገል አመለካከት ነበረው፤ ዘጠና በመቶው ስለ በሽታው መነሻ ቢያንስ አንድ የተሳሳተ እምነት ይዟል። እነዚህን ቁጥሮች ጎን ለጎን ሳያቸው ድባቴው ከእብጠቱ ብቻ እንዳልመጣ ይገባኛል። አካባቢው ሰውን በእግሩ ሲመዝን ታማሚውም ራሱን በዚያው መመዘን ይጀምራል።

ከ15 ዓመት በታች ወደሆኑት ስንወርድ መረጃው እየሳሳ ይሄዳል። በአዲስ አበባ–ነቀምቴ መንገድ ላይ ያለ አንድ የቆየ ጥናት ግን አለ። እ.ኤ.አ. በ1999 ታደሰ፣ ከበደ፣ ተገኝና አታላይ ዓለም በአምቦ ወረዳ ስለ ልጆች የባሕርይ ችግር ያሳተሙት ነው። ወላጆች አሥር ጥያቄዎች ተጠየቁ። ልጅዎ ራሱን ቶሎ ቶሎ ያመዋል? እንቅልፉ ይረበሻል? ያለ ምክንያት ይፈራል? ያለ ምክንያት ይወድቃል? ከሌሎች ጋር አይጫወትም? 17.7 በመቶው፣ ማለትም ከስድስት ልጆች አንዱ የሚጠጋው፣ ችግር እንዳለበት ታወቀ። ጥናቱ በጊዜው ትልቅ ሥራ ነበር። የልጅ አእምሮም ሊታመም እንደሚችል፣ ያም በከተማ ብቻ እንዳልሆነ ለአገሪቱ አሳይቷል። ግን መላሹ ወላጅ ነው። ከአባቱ ፊት እግሩን የሚደብቅ ልጅ ኀዘኑንም ይደብቃል። ስለዚህ ከሁሉ በላይ የሚያሳስበኝ ልጅ፣ ማለትም ዝም ያለው፣ የማያስቸግረው፣ ትእዛዝ የሚፈጽመው፣ በዚህ ዓይነት መጠይቅ ይሾልካል።

ሥር በሰደደ ሕመም ውስጥ ያለ ልጅ አእምሮውም እንደሚጎዳ ዓለም ያወቀው ከዚያ በፊት ነው። በእንግሊዝ አገር ዋይት ደሴት ማይክል ሩተርና ባልደረቦቹ እ.ኤ.አ. በ1970 ያሳተሙት ጥናት እስከ ዛሬ ይጠቀሳል። በደሴቲቱ ልጆች መካከል የአእምሮ ጤና ችግር ያለባቸው 7 በመቶ ገደማ ነበሩ። አንጎልን የማይነካ ሌላ ሥር የሰደደ ሕመም ባለባቸው ላይ ወደ 12 በመቶ ወጣ። የሚጥል በሽታ ባለባቸው ላይ 29 በመቶ ደረሰ። በካናዳ ኦንታሪዮ እ.ኤ.አ. በ1987 የታተመው የካድማን ጥናት ደግሞ ሕመሙ አካል ጉዳት ሲጨምርበት ልጁ ለአእምሮ ጤና ችግር ያለው ተጋላጭነት ከእኩዮቹ ከሦስት እጥፍ በላይ እንደሚሆን አገኘ። ሩተር ካስተማራቸው ነገሮች አንዱ ሕመሙ አንጎል ላይ ሲደርስ አደጋው ለብቻው እንደሚንር ነው። ቀሪው ግን ከአንጎል የሚመጣ አይደለም። ህመም፣ ከትምህርት መቅረት፣ የቤተሰብ ድህነት፣ የጓደኛ መራቅ ናቸው የሚያመጡት። ለሲሬ ልጅ እነዚህ አራቱም አሉ።

እኛ አገር የሚጥል በሽታ ያለበት ልጅም ሌላው የዝምታ ተጎጂ ነው። ሬድዳ ተክለሃይማኖትና ባልደረቦቻቸው በቡታጅራ አካባቢ ከ60,000 በላይ ሰው በየቤቱ ፈትሸው እ.ኤ.አ. በ1990 ባወጡት ሥራ ከ1,000 ሰው 5.2 የሚሆነው በሕመሙ እንደሚኖር አሳዩ። ምድጃ ላይ የወደቀ፣ ወንዝ ውስጥ የገባ ልጅ በየሰፈሩ አለ፤ ይተላለፋል ተብሎ ሲወድቅ ማንም የማያነሳውም አለ። በኤች አይ ቪ ቫይረስ ተይዘው የተወለዱት ልጆች ደግሞ የራሳቸውን ሕመም ስም ሳያውቁ አድገዋል። በአዲስ አበባ መድኃኒት ከሚወስዱ 390 ልጆች መካከል ስለ ሕመሙ የተነገራቸው 17.4 በመቶ ብቻ መሆናቸውን እ.ኤ.አ. በ2011 የታተመ ጥናት አስነብቧል። ወላጅ የሚደብቀው ከክፋት አይደለም፤ ልጄ ይሰበራል፣ ለሰው ይናገራል ብሎ ይፈራል። ልጁ ግን በየቀኑ መድኃኒት ይውጣል፣ ለምን እንደሆነ የሚያስበውን ለማንም አይናገርም፣ ብዙ ጊዜም ከእውነቱ የባሰውን ያስባል። ስኳር በሽታ ያለበትም እንዲሁ፤ እ.ኤ.አ. ጥር 1922 ቶሮንቶ ላይ ኢንሱሊን ለመጀመሪያ ጊዜ የተሰጠው ሰው የ14 ዓመቱ ልጅ ሊዮናርድ ቶምፕሰን እንደነበር ስናስታውስ፣ ይህ የልጆች ሕመም ሕክምና ካገኘ መቶ ዓመት አልፎታል፤ የልጁን ፍርሃት መጠየቅ ግን ገና ልማድ አልሆነም።

ወደ እግሩ ልመለስ። ዝሆኔ ሌላም ሸክም አለበት፤ ይኼውም በዘር ይጠረጠራል። ይህ ጥርጣሬ ሙሉ ለሙሉ ሐሰት አይደለም። ፋሲል ተኮላ አየለና ባልደረቦቹ እ.ኤ.አ. በ2012 በኒው ኢንግላንድ ጆርናል ኦቭ ሜዲስን ያሳተሙት ጥናት በወላይታ ታማሚዎች ላይ ከሰውነት መከላከያ ጋር የተያያዙ ዘረ መሎች ድርሻ እንዳላቸው አረጋግጧል። አንድ አባት ቀዩን አፈር 50 ዓመት ረግጦ ሳይታመም፣ ጎረቤቱ በ15 ዓመቱ የሚታመመው አንዱ ምክንያት ይህ ነው። ነገር ግን ዘሩ ብቻውን በሽታ አያመጣም፤ አፈሩ በቆዳ ካልገባ እብጠት የለም። ከልጅነቱ ጀምሮ ጫማ ያደረገ፣ እግሩን በየማታው የሚታጠብ፣ የታማሚ ቤተሰብ ልጅ ሳይታመም ሊያረጅ ይችላል።

ሽማግሌ ልኮ ለልጁ ሚስት የሚጠይቅ ቤተሰብ ግን ይህን ግማሽ እውነት ብቻ ይዞ ይሄዳል። የልጅቷን ቤተሰብ እግር ይመረምራል፤ አንድ ያበጠ ካየ ይመለሳል። ስለዚህ ያበጠው እግር የአንዲቷ ልጅ ሆኖ አይቀርም። ጤነኛ እህቶቿና ወንድሞቿ ሁሉ ይቀጣሉ። ጓዳ የምትደበቀው በራሷ ፈቃድ ብቻ አይደለም፤ የቤተሰቡን ዕድል ላለማበላሸት ትደበቃለች፣ አንዳንዴም ሳይነገራት። የወላይታ ሶዶ ዩኒቨርሲቲው አበባየሁ ቶራና ባልደረቦቹ በታማሚ ቤተሰብ የሚኖሩ የትምህርት ዕድሜ ልጆችን ስለ በሽታው ምን እንደሚያምኑ ጠይቀው ነበር። ልጅን ራሱን ስለጠየቀ ይህ ሥራ ከሌሎቹ ይለያል። እንደዚህ ያለው ጥናት ለወለጋ ልጆችም ይገባል ብዬ አምናለሁ፤ በአፋን ኦሮሞ፣ በጥላ ሥር፣ ወላጅ አጠገብ ሳይቀመጥ።

ሕክምናው ከባድ መሣሪያ አይጠይቅም። እግርን በየቀኑ በሳሙናና በንጹሕ ውሃ ማጠብ፣ ጥቂት በረኪና ጠብ በተደረገበት ውሃ መዘፍዘፍ፣ በደንብ ማድረቅ፣ ቫዝሊን መቀባት፣ በፋሻ መጠቅለል፣ ሲቀመጡና ሲተኙ ከፍ ማድረግ፣ ካልሲና ጫማ። የበረኪናውን ልክ የጤና ባለሙያ ያሳያል። ይህ እንክብካቤ ምን ያህል እንደሚረዳ በምሥራቅ ጎጃም በ696 ታማሚዎች ላይ ለአንድ ዓመት ተፈትኖ፣ ውጤቱ እ.ኤ.አ. በ2018 ላንሴት ግሎባል ሄልዝ ላይ ወጥቷል። ሕክምናውን ያገኙት በዓመት በአማካይ 19.4 ጊዜ ትኩሳትና ንድፊያ ሲነሳባቸው፣ ያላገኙት 23.9 ጊዜ ተነሳባቸው። ልዩነቱን ትንሽ የሚል ይኖራል። አንዱ መነሳት ለቀናት የሚያስተኛ ሲሆን፣ በዓመት ከአራት ጊዜ በላይ መቀነሱ ለተማሪ ስንት የትምህርት ቀን እንደሆነ ማስላት አያስቸግርም። ቀሪው ቁጥር ግን ራሱን የቻለ ጩኸት ነው፤ ታክሞም በዓመት 19 ጊዜ የሚተኛ ሰው ተስፋ ቢቆርጥ የሚደንቅ አይደለም።

የእግሩን ሕክምና ከአእምሮ ሕክምናው ጋር ያጣመረ ሥራ በአገራችን አለ። በአዊ ዞን ኤንድፖይንት በሚል ስም የተካሄደው የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲና የአጋሮቹ ፕሮጀክት ዝሆኔን፣ በትንኝ የሚመጣውን የእግር ማበጥና ሥጋ ደዌን በአንድ ላይ ይዟል። የጤና ባለሙያው እግር እንዲያጥብ ብቻ ሳይሆን ድባቴን እንዲለይ፣ እንዲያማክርና እንዲያክም ሠለጠነ፤ የማኅበረሰቡን ማግለል ለመቀነስም ተሠራ። እኔ ከዚህ የተማርኩት አንድ ተግባራዊ ነገር ነው። ለአእምሮ ጤና የተለየ ሕንጻ፣ የተለየ ቀን፣ የተለየ ሰልፍ አያስፈልግም። ታማሚዋ አማኑኤል የአእምሮ ሆስፒታል ሂጂ ብትባል አትሄድም፤ ስሙ ራሱ ያስፈራታል፣ ገንዘቡም የላትም። እግሯን የሚያጥባት ሰው ግን በየሳምንቱ ያገኛታል፣ እግሯን ገልጣ ካሳየችው በኋላ ሌላውን ለመንገር ያን ያህል አትፈራም። ውሃው እስኪሞቅ ያለችው ጊዜ ለጥያቄ ትበቃለች።

መጠይቁም ቢሆን ከባዶ አይጀመርም። ድባቴን ለመለየት የሚያገለግለው ዘጠኝ ጥያቄ ያለው መጠይቅ በአፋን ኦሮሞ ተተርጉሞ በጅማ ዞን ነፍሰ ጡር እናቶች ላይ ብቃቱ ተፈትኗል፤ ውጤቱም እ.ኤ.አ. በ2018 ታትሟል። የ30 ዓመት እናትን የሚለይ ጥያቄ የ13 ዓመት ልጅን እኩል ይለያል ማለት ግን አይደለም። ልጅ ሲያዝን ሊቆጣ፣ ሊማታ፣ ሆዱን ሊያመው ይችላል። መጠይቁ እግራቸው ካበጠ፣ የሚጥል በሽታ ካለባቸው፣ ኢንሱሊን ከሚወጉ የምዕራብ ኦሮሚያ ታዳጊዎች ጋር አንድ በአንድ መፈተሽ አለበት። ነቀምቴ ላይ ወለጋ ዩኒቨርሲቲ አለ፤ የነርሲንግና የሕክምና ተማሪዎቹ ቋንቋውን ይናገራሉ፣ መንገዱንም ያውቁታል።

ባለፉት ዓመታት በወለጋ የቆየው ግጭት ይህን ሁሉ አክብዶታል። የተዘጋ ትምህርት ቤት፣ መድኃኒት ያላገኘ ጤና ጣቢያ፣ የተፈናቀለ ቤተሰብ። የተፈናቀለ ልጅ በባዶ እግሩ ነው የሚሮጠው። ጫማውንም፣ ሳሙናውንም፣ የሚያውቀውን የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛም ጥሎ ይሄዳል። ሰላም ሲመጣ ከሚጠገኑት ነገሮች መካከል የልጆች አእምሮ በመጨረሻው ረድፍ ላይ እንዳይጻፍ እፈራለሁ።

ከሁሉ አስቀድሞ ሊደረግ የሚችለው ነገር ብዙ ገንዘብ አያስወጣም። የእግር ማበጥ ታማሚ መዝገብ ባለበት ጤና ኬላ ስም፣ ዕድሜ፣ የእብጠት ደረጃ ይጻፍበታል። ከ20 ዓመት በታች ለሆነ ታማሚ ሦስት መስመር ይጨመርበት፤ ትምህርት ቤት ይሄዳል ወይስ አቁሟል፣ ባለፈው ሁለት ሳምንት እንቅልፉ እንዴት ነበር፣ ሞት ተመኝቶ ያውቃል። ሦስተኛውን መጠየቅ ሐሳቡን በልጁ ልብ ውስጥ አይተክልም፤ ይህ በጥናት የተረጋገጠ ነው። መጠየቁ ግን ልጁን ብቻውን ከመሆን ያወጣዋል። አዎ ካለ በዚያው ቀን ለጤና ጣቢያው ባለሙያ ይነገር፣ ቤተሰቡም ብቻውን እንዳይተወው ይመከር። መዝገቡ በዓመቱ መጨረሻ ወረዳ ሲደርስ የሲሬ ልጆች በእግራቸው መጠን ብቻ ሳይሆን በስንቶቹ ትምህርት ማቋረጥና በስንቶቹ እንቅልፍ ማጣት ጭምር ይታወቃሉ። ተመራማሪዎቹም ከዚያ ተነስተው የበለጠውን ይጠይቁ።